ከገደሉ ሥር ያሉት ቤቶች፤ ባለቤቶቹስ የት ሄዱ?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ከነርሲንግ ትምህርቴ ጎን ለጎን ስለ አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የሚያስተምር አንድ ኮርስ ወስጄ ነበር። ለክፍል ገለጻ የመረጥኩት ርዕስ «አናሳዚ» ስለሚባሉት ሕዝቦች ነበር። ስላይዶቼን አሳምሬ፣ የገደል ቤቶቹን ፎቶ ደርድሬ፣ በመጨረሻ «ይህ ሕዝብ ከ700 ዓመት በፊት በድንገት ጠፋ፤ የት እንደገባም አልታወቀም» ብዬ ደመደምኩ። ጭብጨባው ሲያበቃ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ነርሲንግም አብረን ነው የምንማረው። «እኔ ከላጉና ፑዌብሎ ነኝ። እነዚህ አያቶቼ ናቸው። አልጠፋንም፤ እዚሁ ነን» አለች። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ውጭ አገር ያደግን ልጆች ይህ ነገር ከሌላው ወገን ሲመጣ በደንብ እናውቀዋለን። ስለ ኢትዮጵያ አንድ የድሮ የረሃብ ፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ እኛ ለእኛው ሲያስረዳን ስንቴ ሰምተናል? እኔም በሰው ላይ ያንኑ አደረግሁ። ስለዚህ እንደገና አነበብኩ፣ ከቤተሰቦቼ ጋር ቦታው ድረስ ሄጄ አየሁ፣ ልጅቷንም እየጠየቅሁ ተማርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስሙ

«አናሳዚ» እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን የጠሩበት ስም አይደለም። ቃሉ የናቫሆ ሲሆን ትርጉሙ «የጥንት ጠላቶች» ወይም «የጠላቶቻችን አያቶች» እንደማለት ነው። አርኪዮሎጂስቶች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንሥተው መጻሕፍት ውስጥ ስላስገቡት ስሙ ተለመደ። ጎረቤት በጠላትነት ያወጣላችሁ ስም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ብታገኙት ምን ይሰማችኋል? ዘሮቻቸው ዛሬ የሚመርጡት «ጥንታዊ ፑዌብሎዎች» መባልን ነው። ሆፒዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ «ሂሳትሲኖም» ይሏቸዋል፤ የጥንት ሰዎች ማለት ነው። ፑዌብሎ የስፓኒሽ ቃል ሲሆን ትርጉሙ መንደር ነው። ከዚህ በኋላ እኔም ጥንታዊ ፑዌብሎዎች እላቸዋለሁ።

የኖሩት የኮሎራዶ፣ የዩታ፣ የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ድንበሮች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። አገሩ ደረቅ ነው፤ ጥልቅ ሸለቆዎችና አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ተራሮች ይበዙበታል። ስፓኒሾች እንዲህ ያለውን ተራራ «ሜሳ» ይሉታል፤ ጠረጴዛ ማለት ነው። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለን፤ አምባ። በጣም የታወቀው ሜሳ ቨርዴ፣ ማለትም አረንጓዴው አምባ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታም በዚሁ መካከል ይወድቃል። አባቴ ከመኪና ሲወርድ «አየሩ የአገር ቤት ነው» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከጉድጓድ ቤት እስከ ገደል ቤት

ብዙ ሰው ጥንታዊ ፑዌብሎዎች ሁልጊዜ ገደል ውስጥ የኖሩ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሜሳ ቨርዴ ላይ ከ700 ዓመት በላይ ሲኖሩ ገደል ውስጥ የቆዩት በመጨረሻዎቹ ከመቶ የማይበልጡ ዓመታት ብቻ ነው።

ቀደም ባለው ዘመን የነበሩትን ተመራማሪዎች «ቅርጫት ሠሪዎች» ይሏቸዋል። እንደኛ ሙዳይና መሶብ እያዞሩ የሚሰፉት ስፌት ነበራቸው፤ አንዳንዱ እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ ውሃ ይይዝ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ አምባው ላይ የሠሩት ቤት ግማሹ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ነው። ወለሉን ቆፍረው፣ አራት ምሰሶ አቁመው፣ ጣሪያውን በእንጨትና በጭቃ ይደፍኑታል። መሬት በበጋ ስለሚቀዘቅዝና በክረምት ሙቀት ስለሚይዝ ቤቱ ለዚያ አየር ተስማሚ ነበር። በዚያው ዘመን ሸክላ መሥራት ጀመሩ፤ ቦሎቄም ዋና ምግባቸው ሆነ። ነገሩ የተያያዘ ነው፤ ደረቅ ቦሎቄ ለረጅም ሰዓት መቀቀል ስላለበት እሳት ላይ የሚጣድ ድስት ይፈልጋል።

በ8ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ከመሬት በላይ የተያያዙ ክፍሎችን በረድፍ መሥራት ያዙ። መጀመሪያ እንጨት ተክለው በጭቃ ይመርጉ ነበር፤ ወደ 1000 ዓመት ገደማ ደግሞ በጥርብ ድንጋይ መገንባት ተለመደ። ድንጋዩን የሚጠርቡት ከወንዝ ባመጡት ሌላ ጠንካራ ድንጋይ ነበር፤ ብረት አልነበራቸውም። ማያያዣው አፈር፣ ውሃና አመድ የተቀላቀለበት ጭቃ ሲሆን በየክፍተቱ ትንንሽ ጠጠር ይሰኩበታል። የሚገርመው፣ አንዳንዱ ጭቃ ላይ የሠሪው የጣት አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከ1190ዎቹ ጀምሮ ከአምባው ጠርዝ ሥር ወዳሉት ትላልቅ የገደል ዋሻዎች ወረዱ። ዋሻዎቹን የሠራው ውሃ ነው። ዝናብና በረዶ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያገኝ ወደ ጎን ይወጣል፤ በክረምት ይረጋል፣ ይለጠጣል፣ ድንጋዩን እየፈለጠ ይጥላል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ዋሻ ከኋላው ምንጭ አለው። ብዙዎቹ የተመረጡት ዋሻዎች ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያዩ ናቸው። በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ ብርሃኗ ዋሻው ውስጥ ይገባል፤ በበጋ ከፍ ስለምትል ጣሪያው ጥላ ይሆናል። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ያለ ኤሌክትሪክ!

ሜሳ ቨርዴ ውስጥ 600 ያህል የገደል መኖሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ ከአንድ እስከ አምስት ክፍል ያላቸው ትንንሾች ናቸው። ትልቁ «ክሊፍ ፓላስ» 150 ያህል ክፍሎችና ከ20 በላይ ኪቫዎች አሉት። 100 ያህል ሰው እንደኖረበት ይገመታል። የተገነባው ንጉሥ ላሊበላ ከነገሠበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት ስንፈለፍል እነሱ ዓለት ሥር ከተማ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ።

አንድ ቀን በመንደሩ

አንድ የመኖሪያ ክፍል በአማካይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያስተኛል። በሮቹ ትንንሽ ናቸው። አስጎብኚዎች ሁልጊዜ የሚጠየቁት «በጣም አጫጭር ነበሩ እንዴ?» የሚለውን ነው። ወንዶቹ በአማካይ 163 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቶቹ 152 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት አውሮፓውያን የሚለዩ አልነበሩም። ትንሽ በር ሙቀት አያስወጣም፤ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መዝጋትም ይቻላል።

ክፍሉ ለመኝታና ለዕቃ ነው እንጂ ቀኑን የሚያሳልፉት ከቤቱ ፊት ባለው ግቢ ነበር። ሴቶች እዚያ ይፈጫሉ፣ ያበስላሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ። ነጭ ላይ በጥቁር መስመር ያጌጠው ሸክላቸው ዛሬም በየሙዚየሙ ይታያል። እርሻው ያለው ግን ከላይ፣ አምባው አናት ላይ ነው። ገበሬው በየቀኑ ገደሉ ላይ በተፈለፈሉ የእጅና የእግር መያዣዎች እየተንጠለጠለ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ «ባልኮኒ ሃውስ» በሚባለው ቤት አሥር ሜትር ገደማ የሚረዝም መሰላል ስወጣ እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ያውም ጠንካራ የእንጨት መሰላል ይዤ፣ አስጎብኚም ከፊቴ ሆኖ። እነሱ በቆሎ ተሸክመው ነበር።

የሚዘሩት በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ነው። ዝናቡ በዓመት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በየውሃ መውረጃው ትንንሽ የድንጋይ እርከን እየሠሩ አፈርና እርጥበት ያስቀሩ ነበር። ሚዳቋ የመሰለ አጋዘንና ጥንቸል ያድናሉ፤ ፒንየን ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ይለቅማሉ። የሚያረቡት ውሻና ተርኪ ነበር። የተርኪ ላባ በገመድ ላይ እየተጠመጠመ የክረምት ብርድ ልብስ ይሠራበታል።

ዩካ የሚባለው ሹል ቅጠል ያለው ተክል ደግሞ የቤት ሁሉ መድኃኒት ነበር። ከቅጠሉ ቃጫ ወጥቶ ጫማ፣ ገመድና ቅርጫት ይሆናል። ሥሩ ሲወቀጥ አረፋ ስለሚያወጣ እንደኛ እንዶድ ለመታጠቢያ ያገለግላል።

ሙዚየሙ ውስጥ ያነሣሁትን የወፍጮ ፎቶ ለሴት አያቴ በስልክ ላክሁላት። «ይሄማ ወፍጮ ነው! መጁም ያው ነው። ማን ሰጣቸው?» አለችኝ። ማንም አልሰጣቸውም፤ እህል የሚበላ ሕዝብ ሁሉ ራሱ ይደርስበታል ማለት ነው። እነሱ ሦስት ወፍጮ ጎን ለጎን ይደረድሩና ከሻካራው ወደ ልሙጡ እያሸጋገሩ ያልማሉ። አያቴ ቆማ ጎንበስ ብላ ነበር የምትፈጨው፤ እነሱ ግን ተንበርክከው እንደሆነ ስነግራት ዝም አለችና «ጉልበታቸው!» አለች። ከሕክምና መጻሕፍት ቀድማ ደረሰችበት።

አጥንት የሚናገረው

ለነርሲንግ ተማሪ በጣም የሚስበው ክፍል ይኸኛው ነው። ከአጥንታቸው እንደተነበበው ለረጅም ዓመታት የፈጩ ሴቶች በጉልበት፣ በእጅ አንጓና በጀርባ መገጣጠሚያ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ወፍጮው የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ደቃቅ አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ይበላል፤ ጥርሳቸውም ገና በወጣትነት ተሞርዶ ያልቃል። በቆሎ ስታርች ስለሚበዛበት ደግሞ የጥርስ መቦርቦር ይጨመርበታል።

የራስ ቅልና የዓይን ጎድጓዳ አጥንቶች ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ይህ የደም ማነስ ምልክት ነው። በቆሎ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በዚህ ላይ ተቅማጥና የአንጀት ትላትል ሲደረብ ሕፃን ልጅ ምን እንደሚሆን ክሊኒክ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። አብዛኛው ሰው ከ32 እስከ 34 ዓመት ይኖር ነበር፤ ሆኖም 50 እና 60 ዓመት ያለፉም ነበሩ። በሌላ በኩል በቆሎና ቦሎቄን አብሮ መብላታቸው ጥሩ ነበር፤ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። እናቶቻችን በጾም ሽሮን ከእንጀራ ጋር ሲያቀርቡ የሚሆነውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስገርሞኛል። የቀደሙት አርኪዮሎጂስቶች የጥንቶቹ ራስ ቅል ሞላላ፣ የኋለኞቹ ግን ከኋላው ጠፍጣፋ መሆኑን አይተው «ሌላ ዘር መጥቶ የመጀመሪያውን አጥፍቷል» ብለው ጻፉ። ኋላ ላይ የታወቀው ምክንያት የሕፃን ማዘያ ነው። የኋለኞቹ እናቶች ሕፃኑን በጠንካራ ሳንቃ ላይ አስረው ያዝሉት ስለነበር ለስላሳው የራስ ቅል ከኋላ ጠፈጠፈ። እኛም ሕፃን በጀርባው እንዲተኛ ስለምንመክር የጭንቅላቱን ቅርጽ እንድንከታተል ተምረናል። በአንድ የእናቶች ልማድ የተነሣ አንድ ሕዝብ «ጠፋ» ተባለ፤ ያኔም ጠፉ፣ ኋላም ጠፉ!

ኪቫና ቻኮ

በየመንደሩ ግቢ ውስጥ የሚታየው ክብ ጉድጓድ ኪቫ ይባላል። ጣሪያው የግቢው ወለል ሆኖ ያገለግላል፤ የሚገባው በጣሪያው ቀዳዳ በመሰላል ነው። መሃሉ ላይ ምድጃ አለ። ከጎን በተሠራ የአየር መግቢያ ንጹሕ አየር ይገባል፤ ነፋሱ እሳቱን እንዳያጠፋው ከፊቱ አንድ ድንጋይ ይቆማል፤ ጭሱ በመሰላሉ ቀዳዳ ይወጣል። ወለሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ሰዎች ከታችኛው ዓለም ወደዚህ የወጡበት ምሳሌ ናት። ኪቫ ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚፈጸምበት፣ ሰውም የሚሰበሰብበት ቦታ ነበር። ዛሬም በፑዌብሎ መንደሮች በሥራ ላይ ያሉ ኪቫዎች አሉ፤ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ልጅቷን ስጠይቃት «እሱ ለውጭ ሰው አይወራም» አለችኝ፤ እኔም አልደገምኩም።

ከሜሳ ቨርዴ ወደ ደቡብ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ቻኮ ካንየን ይገኛል። እዚያ ያለው «ፑዌብሎ ቦኒቶ» ከ850 ገደማ ጀምሮ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ደረጃ በደረጃ የተገነባ ነው። ከ600 በላይ ክፍሎች አሉት፤ በአንዳንድ በኩል አራት ፎቅ ይደርስ ነበር። ለጣሪያ የሚሆኑትን ግንዶች ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ካሉ ተራሮች በሰው ጉልበት አመጡ፤ ጋሪ የለ፣ የጋማ ከብት የለ። በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት ደግሞ ከዚያ በተገኙ የሸክላ ዕቃዎች ውስጥ የካካዎ ቅሪት ተገኘ። ካካዎ የሚበቅለው በሩቅ ደቡብ፣ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው። ቸኮሌት ከዚያ ድረስ ይመጣላቸው ነበር ማለት ነው።

ለምን ሄዱ?

ዘመኑን በትክክል ያሳወቀን ዛፍ ነው። ዝናብ በበዛበት ዓመት የዛፍ ቀለበት ይሰፋል፤ በድርቅ ዓመት ይጠባል። አንድሩ ዳግላስ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ሲሰበስብ ቆይቶ በ1929 አሪዞና ውስጥ በተገኘ አንድ የከሰለ ግንድ አማካይነት የጥንቱን ዘመን ከአሁኑ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤቶች የተሠሩበትን ዓመት ማወቅ ተቻለ።

ቀለበቶቹ ከ1276 እስከ 1299 ከባድ ድርቅ እንደነበረ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ድርቁ ብቻውን አልነበረም። ሕዝቡ በዝቶ ነበር፤ ደኑና አፈሩ ተሟጦ ነበር፤ በዚያው ዘመን በአካባቢው ግጭትና ግድያ እንደነበረም በቁፋሮ ታይቷል። በ1300 ገደማ መንደሮቹ ባዶ ሆኑ። ሰዎቹ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ፣ ውሃ ወዳለበት ወደ ሪዮ ግራንዴ ሸለቆ፣ ወደ ሆፒ አምባዎች፣ ወደ ዙኒና ወደ አኮማ ሄዱ። ብዙ ሸክላና ወፍጮ ጥለው ሄደዋል። አንዳንድ ሰው ይህን «በድንገት የመጥፋታቸው ምስጢር» ያደርገዋል። እናቴ ግን ቦታው ላይ ቆማ «በእግሩ የሚሄድ ሰው ወፍጮ ይሸከማል እንዴ?» አለች። እሷም ከአገር ስትወጣ የያዘችው ሁለት ሻንጣ ነበር፤ ድስቶቿ እስከ ዛሬ እህቷ ቤት ናቸው። እናቴ ጠፋች የሚል ግን የለም።

ዛሬ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 19 ፑዌብሎዎች አሉ፤ አሪዞና ውስጥ ደግሞ ሆፒዎች። ቋንቋቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሆፒዎች ዘንድ ዘር በእናት በኩል ይቆጠራል፤ ቤቱም የሴቷ ነው። በቆሎው አሁንም ይዘራል፤ ሸክላውም ይሠራል።

ወደ ቤት የተመለሱት

በ1891 ጉስታፍ ኖርደንሾልድ የተባለ ወጣት ስዊድናዊ ሜሳ ቨርዴን ቆፍሮ የሰው አስከሬን ሳይቀር በባቡር አስጭኖ ወሰደ። ቢያስሩትም የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ተለቀቀ። ስብስቡ በመጨረሻ ፊንላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ። አሜሪካ እንዲህ ያለውን ዘረፋ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1906 ነው፤ ሜሳ ቨርዴም በዚያው ዓመት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የ20 ሰዎች ቅሪተ አካልና አብሯቸው የተቀበሩ 28 ዕቃዎች ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው እንደገና የተቀበሩት ገና በ2020 ነው፤ ከ129 ዓመት በኋላ።

ይህን ሳነብ ልዑል ዓለማየሁን አሰብኩ። በ1868 ከመቅደላ በልጅነቱ ተወሰደ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዛሬም ዊንዘር ነው ያለው። በ2023 አጽሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ለልጅቷ ይህን ስነግራት «እኛም ብዙ ጊዜ እንቢ ተብለናል። መጠየቅ አታቁሙ» አለችኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ሜሳ ቨርዴ ከዴንቨር በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ክሊፍ ፓላስና ባልኮኒ ሃውስ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ። ውሃ በብዛት ያዙ፤ ከፍታው ያደክማል። የሸክላ ስባሪ ብታዩ አታንሡ፤ በሕግም ያስጠይቃል፤ የሰው ቤት ዕቃም ነው። ልጅቷ የነገረችኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ «ስትገቡ በልባችሁ ሰላም በሉ፤ አያቶቻችን አሁንም እዚያ አሉ ብለን ነው የምናምነው።» እናቴ ይህን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሥታ ገባች።

የመጨረሻውን ስላይድ ቀይሬዋለሁ። አሁን የሚለው «በ1300 ገደማ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያ ይኖራሉ» ነው። ከማስተካከሌ በፊት ለልጅቷ አሳየኋት። አንድ የፊደል ግድፈት አርማልኝ «አሁን ልክ ነው» አለች።